የማይታየውን ዒላማ በሚታይ ምልክት ማግኘት፦ የኦፍሴት ነጥብ አጠቃቀም በኤፍ-16 ሲሙሌተር

አዲስ አበባ መሃል ቤት የሚጠቁም ሰው የመንገድ ቁጥር አይጠራም። «ቴዎድሮስ አደባባይ ድረስ ና፤ ከዚያ ወደ ለገሃር ስትወርድ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ሄደህ በግራ በኩል» ይላል። ሁሉም የሚያውቀው ቦታ አለ፣ ከእሱ የሚነሳ አቅጣጫ አለ፣ ርቀት አለ። በውጊያ በረራ ሲሙሌተሮች ኦፍሴት ነጥብ የሚባለው በዚሁ መንገድ ይሠራል። ዒላማው ዛፍ ሥር የቆመ ታንክ ሆኖ ከስድስት ማይል ባይታይም፣ ከሩቅ የሚለይ ድልድይ በአካባቢው ካለ፣ ኮምፒውተሩ ከድልድዩ ተነስቶ ዒላማው ያለበትን ቦታ ሃዱ (በአብራሪው ፊት ያለው ግልጽ ማሳያ) ላይ ያስቀምጥላችኋል።

የዒላማው ኮኦርዲኔት ካለ በቀጥታ አስገብቶ መሄድ ይቻላል። ኮኦርዲኔቱ ትክክል ከሆነና የአውሮፕላኑ ሲስተም ካልተዛባ ከዚያ የሚቀል ነገር የለም። የኦፍሴት ትልቁ ጥቅም ግን እርማት ነው፤ የምታዩት ነገር የማታዩትን ያርማል። ሃዱ ላይ ያለው የድልድዩ ምልክት ከድልድዩ ራሱ ሁለት መቶ ሜትር ወደ ቀኝ ከወደቀ፣ የዒላማው ምልክትም በዚያው ልክ ወደ ቀኝ መሳቱን ታውቃላችሁ። ድልድዩ ላይ ስታስተካክሉት ዒላማውም አብሮ ይስተካከላል። ይህን እርማት ያልሠራ ሰው ቁጥር አስገባ እንጂ ኦፍሴት ተጠቀመ ማለት አይቻልም።

መመሪያው በዋናነት በዲሲኤስ ሲሙሌተር ኤፍ-16ሲን እና በፋልከን ቢኤምኤስ ሲሙሌተር ለሚበሩ ነው። ቢኤምኤስ እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው ፋልከን 4.0 ላይ የተገነባ ሲሆን የሁለቱ ኮክፒት አሠራር እዚህ ላይ በጣም ይቀራረባል። ሌሎች አውሮፕላኖችን በኋላ በአጭሩ እናነሳለን።

ከየት ወደ የት?

ኤፍ-16 ላይ ሦስት ዓይነት ኦፍሴት አለ፤ ልዩነታቸው መለኪያው ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ ነው።

ቪአይፒ (የሚታይ መነሻ ነጥብ) ሲሆን ስቲርፖይንቱ (በበረራ ዕቅዱ ላይ ቁጥር የተሰጠው የጉዞ ነጥብ) የምታዩት የመሬት ምልክት ነው፤ የምታስገቡት አቅጣጫና ርቀት ከምልክቱ ወደ ዒላማው ይሄዳል። ቪአርፒ (የሚታይ ማጣቀሻ ነጥብ) ሲሆን ስቲርፖይንቱ ራሱ ዒላማው ነው፤ አቅጣጫውና ርቀቱ ከዒላማው ወደ ምልክቱ ይሄዳል። ሦስተኛው ኦኤ (ኦፍሴት ማነጣጠሪያ ነጥብ) ሲሆን እያንዳንዱ ስቲርፖይንት ኦኤ1 እና ኦኤ2 የሚባሉ ሁለት ረዳት ነጥቦች ሊኖሩት ይችላል፤ የሚለኩትም ከስቲርፖይንቱ ተነስቶ ነው። ኦኤ አብዛኛውን ጊዜ ለራዳር ይጠቅማል፤ ራዳሩ ላይ ደምቆ የሚታይ ነገር ይዛችሁ ደብዝዞ የሚታየውን ዒላማ ለማግኘት።

የትኛውን እንምረጥ? የበረራ ዕቅዱ ስቲርፖይንት ቀድሞውኑ ዒላማው ላይ ከተቀመጠ ቪአርፒ ወይም ኦኤ ይሻላል፤ ያለውን ዕቅድ መንካት አያስፈልግም። ስቲርፖይንቱ የመነሻ ምልክቱ ላይ ከሆነና የዒላማው ቦታ ከተነሳችሁ በኋላ በሬዲዮ የሚነገር ከሆነ («ከድልድዩ 048፣ ስድስት ማይል») ቪአይፒ ምቹ ነው። ቪአይፒና ቪአርፒ በአንድ ጊዜ አይሠሩም፤ አንዱን ስትመርጡ ሌላው ይጠፋል።

ምልክት መምረጥ

ብዙ ሰው ጊዜውን ቁጥር በማስገባት ላይ ያጠፋል፣ ምልክቱን ግን በአሥር ሰከንድ ይመርጣል። ተገላቢጦሽ መሆን አለበት። መጥፎ ምልክት የያዘ ትክክለኛ ቁጥር ምንም አያደርግላችሁም።

ጥሩ ምልክት በአካባቢው አንድ ብቻ ነው። ወንዙ በአምስት ማይል ውስጥ ሦስት ተመሳሳይ ድልድይ ካለው፣ በ480 ኖት (በሰዓት 480 ኖቲካል ማይል) ስትበሩ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ጊዜ የላችሁም። መንገድ ወይም ወንዝ ብቻውን ምልክት አይሆንም፤ ግራና ቀኙን ይነግራችኋል እንጂ ቅርብ መሆናችሁን ወይም ማለፋችሁን አይነግራችሁም። ሁለት መስመሮች የሚገናኙበት ቦታ ግን አንድ ነጥብ ነው፤ መንገድ ወንዝ የሚሻገርበት፣ ሁለት ወንዞች የሚቀላቀሉበት፣ የባቡር ሐዲድ ከመንገድ ጋር የሚቋረጥበት። የግድብ ጫፍ፣ የሐይቅ ዳር ሹል ማዕዘን፣ የአውሮፕላን ማኮብኮቢያ መጨረሻም እንዲሁ።

ቀጥሎ ያለውን በተለይ አቅም ያነሰው ኮምፒውተር የያዛችሁ አስቡበት። የግራፊክስ ደረጃ ስትቀንሱ ሲሙሌተሩ ሕንፃዎችንና ዛፎችን ከሩቅ አይስልም፤ ቅርብ ስትደርሱ በድንገት ብቅ ይላሉ። ስለዚህ የፋብሪካ ጭስ ማውጫ ወይም ነጠላ ሕንፃ በካርታ ላይ ያማረ ምልክት ሆኖ በበረራ ላይ ከሦስት ማይል ወዲያ ላይኖር ይችላል። የመሬቱ ቅርጽ አካል የሆኑት፣ የውሃ ዳርቻ፣ የወንዝ መጋጠሚያ፣ ማኮብኮቢያ፣ በማንኛውም ደረጃ ከሩቅ ይታያሉ። ከተጠራጠራችሁ ተልእኮውን ከፍታችሁ በምትመጡበት ከፍታና አቅጣጫ አንዴ በላዩ እለፉና ከስንት ማይል እንደሚታይ እዩ።

የምትመጡበት አቅጣጫ የምልክቱን ዋጋ ይወስናል። ከኮረብታ ጀርባ ያለ ድልድይ በ500 ጫማ ከፍታ ለሚመጣ ሰው የለም፤ በ15,000 ጫማ ለሚመጣ ግልጽ ነው። ለራዳር ደግሞ መመዘኛው ይለያል፤ የብረት ድልድይና የሕንፃ ክምችት ደምቆ ይመለሳል፣ ጸጥ ያለ ውሃ ግን ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ የሐይቁን ዳር እንጂ ሐይቁን አትምረጡ።

ከዒላማው ያለው ርቀት ከ2 እስከ 6 ኖቲካል ማይል ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ ሲቀርብ ምልክቱን አይታችሁ ለማረም ጊዜ አታገኙም። ሲርቅ የአቅጣጫ ስህተት ይሰፋል፦ አንድ ዲግሪ ስህተት በእያንዳንዱ ማይል ላይ ወደ 106 ጫማ፣ ማለትም 32 ሜትር ያህል ያስታል። በስድስት ማይል ወደ 190 ሜትር ይደርሳል።

መለካት

መጀመሪያ የትኛውን ሰሜን እንደምትለኩ እወቁ። ኤፍ-16 በኦፍሴት ገጾቹ ላይ የሚጠብቀው ከእውነተኛው ሰሜን የተለካ አቅጣጫ ነው። ሃዱ ላይ የምታዩት የአፍንጫ አቅጣጫ ግን ማግኔታዊ ነው። በካውካሰስ ካርታ ላይ በሁለቱ መካከል ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ፤ ይህም በስድስት ማይል ርቀት ዒላማውን ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ጎን ይገፋዋል። አዲስ አበባ ላይ ልዩነቱ 3 ዲግሪ አካባቢ ብቻ ስለሆነ በስልክ ኮምፓስ የለመደ ሰው ጉዳዩን ይንቀዋል፤ በሲሙሌተር ካርታ ግን አይናቅም።

የካርታው መለኪያ የትኛውን ሰሜን እንደሚጠቀም የሚለይ ቀላል ፈተና አለ። ሎንግቲዩዳቸው ፍጹም አንድ የሆነ ሁለት ነጥቦች ምረጡ፤ አንዱ ወደ ሰሜን አሥር የላቲቲዩድ ደቂቃ ያህል ይራቅ። ከደቡቡ ወደ ሰሜኑ ለኩ። መለኪያው 0 ካለ እውነተኛ ሰሜን ነው። በካውካሰስ 354 አካባቢ ካለ ማግኔታዊ ነው። ከዜሮ በጥቂቱ ብቻ ከተዛነፈ ደግሞ የካርታው ፍርግርግ ሰሜን ነው፤ ልዩነቱን መዝግቡና በአካባቢው ለምትለኩት ሁሉ አስተካክሉበት። የተነገራችሁ አቅጣጫ ማግኔታዊ ከሆነ የምሥራቅ ልዩነት ይደመራል፦ 041.5 ማግኔታዊ ከ6.5 ጋር 048.0 እውነተኛ ይሆናል።

ከመለኪያው ይበልጥ አስተማማኙ መንገድ ከኮኦርዲኔት ማስላት ነው። ስልክ ላይ ያለ ካልኩሌተር ይበቃል።

የላቲቲዩድ አንድ ደቂቃ አንድ ኖቲካል ማይል ነው። የሎንግቲዩድ አንድ ደቂቃ ግን አንድ ማይል በላቲቲዩዱ ኮሳይን ተባዝቶ ነው። ምሳሌ እንውሰድ። ምልክቱ ሰሜን 42°10.000'፣ ምሥራቅ 42°20.000' ላይ ነው። ዒላማው ሰሜን 42°14.000'፣ ምሥራቅ 42°26.000' ላይ ነው።

ወደ ሰሜን፦ 4.0 ማይል።
ወደ ምሥራቅ፦ 6.0 × ኮሳይን 42.2° = 6.0 × 0.741 = 4.45 ማይል።
ርቀት፦ የ4.0 ካሬና የ4.45 ካሬ ድምር ካሬ ሥር = 5.98 ማይል።
አቅጣጫ፦ የ4.45 ÷ 4.0 አርክ ታንጀንት = 48.0 ዲግሪ።

በጫማ ከተፈለገ በ6,076 ይባዛል፤ ወደ 36,330 ጫማ ይሆናል። ካልኩሌተሩ በራዲያን ሳይሆን በዲግሪ ላይ መሆኑን አረጋግጡ። ዒላማው ከምልክቱ በስተደቡብ ከሆነ ለተገኘው አንግል 180 ደምሩ፤ በሰሜን ምዕራብ ከሆነ የሚመጣው ቁጥር ኔጌቲቭ ስለሚሆን 360 ደምሩ።

ኮሳይኑን መርሳት የተለመደ ነው፣ ለእኛም ልዩ ወጥመድ አለው። በወረቀት ለመለማመድ የቸርችልን ጎዳና መውሰድ ጥሩ ነው፤ ከላይ ማዘጋጃ ቤት፣ ከታች ለገሃር፣ መንገዱ ወደ ደቡብ ይወርዳል። የሁለቱን ኮኦርዲኔት ከስልክ ካርታ ወስዳችሁ አቅጣጫውንና ርቀቱን አስሉ፤ ካርታው በአስርዮሽ ዲግሪ ከሰጣችሁ ክፍልፋዩን በ60 አባዙት፣ ደቂቃ ይሆናል። ከዚያ ከማዘጋጃ ቤት ወደ ስድስት ኪሎ፣ ከለገሃር ወደ መስቀል አደባባይ ሞክሩ፤ መልሱን ካርታው ላይ አስተያዩ። ችግሩ እዚህ ነው፦ አዲስ አበባ 9ኛው ዲግሪ ላይ ስላለች ኮሳይኑ 0.988 ነው። ኮሳይን ብትረሱም መልሱ ከአንድ በመቶ ብዙም አይስትም፣ ስለዚህ ስህተቱ ሳይታወቃችሁ ትለምዱታላችሁ። ከላይ ባለው የካውካሰስ ምሳሌ ግን ኮሳይን የረሳ ሰው 7.2 ማይልና 56 ዲግሪ ያገኛል፤ ከእውነቱ በ8 ዲግሪና በ1.2 ማይል የራቀ።

ሌላው የቁጥር ወጥመድ የኮኦርዲኔት አጻጻፍ ነው። 42°10'30" ማለት 42°10.500' ነው እንጂ 42°10.300' አይደለም። ይህ የ0.2 ደቂቃ ስህተት 370 ሜትር ያህል ነው። በዲሲኤስ ካርታ ላይ ግራ አልት ከዋይ ጋር ስትጫኑ አጻጻፉ ይቀያየራል፤ በአስርዮሽ ደቂቃ የሚያሳየውን ያዙ።

ወደ አውሮፕላኑ ማስገባት

ቪአይፒን እንደ ምሳሌ እንውሰድ፣ ምልክቱ ስቲርፖይንት 4 ይሁን። መሬት ላይ ሳላችሁ ሥሩት፤ ዝቅ ብሎ እየበረሩ ቁጥር መተየብ አደጋ ነው።

1. አይሲፒው (ከሃዱ ሥር ያለው የቁልፍ ሰሌዳ) ላይ ሊስት ተጫኑ። ዲኢዲው (የምታስገቡት ቁጥር የሚታይበት ትንሽ ማሳያ) ላይ የገጾች ዝርዝር ይመጣል።
2. 3ን ተጫኑ። «ቪአይፒ-ቱ-ቲጂቲ» የሚል ገጽ ይከፈታል።
3. የኮከብ ምልክቶቹን ዲሲኤስ በሚባለው ባለ አራት አቅጣጫ ማብሪያ (ከሲሙሌተሩ ስም ጋር አይምታታባችሁ) ወደ ታች እያንቀሳቀሳችሁ የቪአይፒ ቁጥር ላይ አድርሱ፤ 4 ጽፋችሁ ኢንተር።
4. ቲቢአርጂ (ከእውነተኛው ሰሜን የተለካ አቅጣጫ) በሚለው ረድፍ ላይ 48.0 ለማስገባት 4፣ 8፣ 0 ጻፉ። የመጨረሻው አኃዝ የነጥቡ ኋላ ነው። ከኢንተር በፊት የተጻፈውን አንብቡ።
5. ርቀቱ በኖቲካል ማይል ነው፤ 6.0። እዚህም ነጥቡን ራሱ ያስቀምጣል።
6. የከፍታውን ረድፍ ሙሉ። ስለ እሱ ቀጥሎ እንመለሳለን።
7. የኮከብ ምልክቶቹን ወደ ላይ ወደ ገጹ ርእስ መልሱና 0ን፣ ማለትም ኤም-ሴልን፣ ተጫኑ። ርእሱ ተገልብጦ ሲደምቅ ቪአይፒ ሥራ ጀምሯል።

ሰባተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ቁጥሩ ሁሉ ትክክል ሆኖ ሃዱ ባዶ ከሆነ በቅድሚያ እሱን እዩ።

ለቪአርፒ ሊስት ብላችሁ 9ን ትጫናላችሁ፤ አሠራሩ አንድ ነው፣ አቅጣጫው ግን ይገለበጣል። በምሳሌያችን ከዒላማው ወደ ምልክቱ 228.0 ይሆናል። ለኦኤ ደግሞ ሊስት፣ 1፣ ከዚያ ማብሪያውን ወደ ቀኝ፤ ኦኤ1 ይመጣል፣ አንዴ ስትደግሙት ኦኤ2። እዚህ ርቀቱ በጫማ ነው። ርቀቱ 0 ሆኖ ከቀረ ኦኤው አይታይም። ሁልጊዜ በረድፉ መጨረሻ የተጻፈውን መለኪያ አንብባችሁ ብቻ ተይቡ።

የጫማው ነገር ለምርጫም ይጠቅማል። በማይል አሥረኛ ስታስገቡ ማጠጋጋቱ ብቻውን እስከ 300 ጫማ፣ ማለትም ወደ 90 ሜትር ያስታል። ቪአይፒና ቪአርፒ ዓይናችሁንና ታርጌቲንግ ፖዱን (ከአውሮፕላኑ ሥር የሚንጠለጠለውን ካሜራ) ወደ ትክክለኛው ሰፈር ይወስዳሉ፤ ቦምቡን በራሳቸው ታንኩ ላይ አያደርሱም። ቅርብና ትክክለኛ ኦፍሴት ከፈለጋችሁ ኦኤ ይሻላል።

አሁን ከፍታ። ረድፉን ዜሮ አድርጎ መተው በሜዳማ የባሕር ዳርቻ ብዙም አይጎዳም፣ በተራራ ግን ያበላሻል። ዒላማውን በ10 ዲግሪ ቁልቁል እያያችሁ ከሆነ፣ በ1,000 ጫማ ዝቅ ተደርጎ የገባ ከፍታ ምልክቱን መሬት ላይ ወደ 5,670 ጫማ አሳጥሮ ያሳያል፤ አንድ ማይል ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ስሌቱ የከፍታው ስህተት ለቁልቁለቱ ታንጀንት ሲካፈል ነው። የቦሌ ማኮብኮቢያ ራሱ በ7,600 ጫማ ላይ መሆኑን አስቡ፤ በእንደዚህ ዓይነት ደጋ መሬት ላይ ዜሮ መተው ምልክቱን ከመሬት በታች መቅበር ነው። ገጹ ከባሕር ወለል ያለውን ከፍታ ይጠብቅ ወይስ ልዩነቱን፣ በያዛችሁት ስሪት ላይ በፈተና አረጋግጡ፦ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለ ዒላማ ያዙ፣ በተልእኮ አርታኢው ላይ ያንኑ ዒላማ ሌላ ስቲርፖይንት አድርጉት፣ ወደ እሱ እየበረራችሁ ጨዋታውን አቁሙና ሁለቱ ምልክቶች እኩል መቀመጣቸውን እዩ። አንዱ ከመሬት ሥር ከገባ ወይም አየር ላይ ከተንሳፈፈ ሌላውን አገባብ ሞክሩ። አንዴ ከለያችሁ ሁልጊዜ ይሠራል።

በአየር ላይ

ወደ አየር-ወደ-መሬት ሁነታ ግቡና ሲሲአርፒን (ኮምፒውተሩ ቦምቡ የሚለቀቅበትን ጊዜ የሚያሰላበትን ሁነታ) ምረጡ። በሲሲአይፒ ላይ ከሆናችሁ የኦፍሴት ምልክቶቹ አይመጡም፤ ያ የእይታ ሁነታ ስለሆነ ነው። ስቲርፖይንቱ የቪአይፒው ቁጥር ላይ መሆን አለበት። ሃዱ ላይ አልማዙ የምልክቱ ቦታ ነው፣ ሳጥኑ ዒላማው፣ ሦስት ማዕዘኑ ኦኤ።

ከምልክቱ 10 ማይል ሲቀር ፍለጋ ጀምሩ፤ አልማዙን ሳይሆን በዙሪያው ያለውን መሬት እዩ። ትልቁን ፈልጋችሁ ወደ ትንሹ ውረዱ፦ ሐይቁ፣ ከሐይቁ የሚወጣው ወንዝ፣ በወንዙ ላይ ያለው ድልድይ። ድልድዩን ሳታገኙ አልማዙን አምናችሁ አትቀጥሉ፤ ከመሬት ጋር ያልተገናኘ አልማዝ ምንም አልነገራችሁም።

ድልድዩ ሲታይ የከርሰር መቆጣጠሪያው ሃዱ ላይ እንዲሠራ አድርጉ፣ ዲኤምኤስን (በዱላው ላይ ያለውን ማብሪያ) ወደ ፊት በመግፋት። ከዚያ በከርሰር መቆጣጠሪያው አልማዙን ቀስ ብላችሁ ድልድዩ ላይ አሳርፉት። ሳጥኑም በዚያው ልክ ይንቀሳቀሳል። እርማቱን ከምልክቱ ከ5 እስከ 3 ማይል ባለው ጊዜ ጨርሱ። ከዚያ በላይ ርቀት ላይ ትንሽ የጣት እንቅስቃሴ ብዙ መቶ ሜትር ይሆናል፤ ከዚያ ሲቀርብ ደግሞ ምልክቱ ወደ ሃዱ ግርጌ ሮጦ ያመልጣል።

ምልክቱን ስታልፉ ሰዓት ያዙ። በ480 ኖት የመሬት ፍጥነት በደቂቃ 8 ማይል ትሄዳላችሁ፤ 6 ማይል 45 ሰከንድ ነው። በ420 ኖት 51 ሰከንድ፣ በ540 ኖት 40 ሰከንድ። የአየር ፍጥነቱን ሳይሆን የመሬት ፍጥነቱን ተጠቀሙ፤ በከፍታ ላይ ሁለቱ በጣም ይራራቃሉ። ሰዓቱ ሌላው ሁሉ ቢበላሽ የሚቀር መጠባበቂያ ነው።

ከዚያ ወደ ታርጌቲንግ ፖዱ። ዓይኑ ሳጥኑ ወዳለበት ቦታ ይዞራል፤ በሰፊ እይታ ጀምሩ። ከእርማቱ በኋላ ታንኩ በምስሉ መሃል ባይሆንም በውስጡ መሆን አለበት። ካገኛችሁት አጥቡት፣ ያዙት፣ ከዚያ በኋላ የሚመራችሁ ፖዱ ነው።

በራዳር ስትሠሩ ጂኤም (መሬቱን የሚያሳየው) ሁነታ ላይ ሆናችሁ በኦኤስቢ 10 (በማሳያው ዙሪያ ካሉት ቁልፎች አሥረኛው) የማነጣጠሪያ ነጥቡን ወደ ኦኤ1 ቀይሩ። ከርሰሩ ወደ ኦኤው ይሄዳል፣ የበረራ መሪው ግን ዒላማው ላይ ይቆያል። ከርሰሩን በደማቁ ምላሽ ላይ አስተካክሉ፣ ከዚያ ወደ ዒላማው መልሱት፤ እርማቱን ይዞ ይመጣል። ሁለት ኦኤ ካላችሁ ሁለተኛውን ለማረጋገጫ ተጠቀሙበት፦ ኦኤ1 ላይ ካረማችሁ በኋላ ኦኤ2 በራሱ ቦታው ላይ ከተቀመጠ ትክክለኛውን ምላሽ ይዛችኋል፤ ካልተቀመጠ ሌላ ድልድይ ነው የያዛችሁት።

ከጥቃቱ በኋላ ሲዚን (የከርሰር እርማቱን የሚሰርዘውን ቁልፍ) ተጫኑ። እርማቱ ካልተሰረዘ ወደ ሚቀጥሉት ስቲርፖይንቶች ይከተላችኋል፣ መልሳችሁም ወደ ጣቢያ ስትመጡ ማኮብኮቢያው ላይ መሆን የነበረበት ምልክት ጎን ላይ ታገኙታላችሁ።

የመውጫ ነጥብ

ዝቅ ብለው መጥተው ወደ ላይ ተስፈንጥረው ለሚመቱ፣ በቪአይፒና በቪአርፒ ገጽ ላይ ማብሪያውን ወደ ቀኝ ስትገፉ የፒዩፒ (ወደ ላይ የመውጫ ነጥብ) ገጽ አለ፤ ሃዱ ላይ ክብ ሆኖ ይታያል። ስሌቱ ያው ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ ፒዩፒው ከዒላማው 3 ማይል በስተምዕራብ እንዲሆን ከፈለጋችሁ፣ ከምልክቱ ወደ ሰሜን 4.0፣ ወደ ምሥራቅ 4.45 ሲቀነስ 3.0፣ ማለትም 1.45 ማይል ነው። አቅጣጫው 19.9 ዲግሪ፣ ርቀቱ 4.3 ማይል ይሆናል።

በሌሎች አውሮፕላኖች

ሆርኔት (ኤፍ/ኤ-18) ላይ ከኤችኤስአይ (የአቅጣጫ ማሳያው) የዳታ ገጽ ወደ ዌይፖይንት (የጉዞ ነጥብ) ሄዳችሁ ኦ/ኤስ የሚለውን ትመርጣላችሁ፤ ኦፍሴት የተሰጠው ዌይፖይንት ኦኤፒ ይባላል። የርቀቱን መለኪያ ራሳችሁ ስለምትመርጡ ማይሉንና ጫማውን አትቀላቅሉ። ኤ-10ሲ በሲዲዩው (ቁጥር ማስገቢያ ሰሌዳው) ኦፍሴት ገጽ ላይ ከነባር ነጥብ ተነስቶ አዲስ ነጥብ ይሠራል፣ የሚቀበለው አቅጣጫ ግን ማግኔታዊ ነው፤ ከኤፍ-16 የመጣ ሰው እዚህ ይሳሳታል። ሚራዥ 2000ሲ ላይ ደግሞ ኦፍሴቱ ባድ የሚባለው ነው፤ በርቀትና አቅጣጫ፣ ወይም በላቲቲዩድና ሎንግቲዩድ ልዩነት ይገባል።

ምልክቱ ያለ ቦታው ሲወድቅ

የስህተቱ ቅርጽ ምክንያቱን ይናገራል። ዒላማውን ሌላ ስቲርፖይንት አድርጋችሁ ሳጥኑ ከእሱ በየት በኩል እንደራቀ እዩ።

ሳጥኑ ከምልክቱ በተቃራኒው ወገን ከሆነ ቪአይፒውንና ቪአርፒውን ገልብጣችኋል፤ 180 ደምሩ ወይም ቀንሱ። ርቀቱ ልክ ሆኖ በጥቂት ዲግሪ ወደ ጎን ከዞረ የሰሜን ጉዳይ ነው፤ የዲግሪውን መጠን ከካርታው ማግኔታዊ ልዩነት ጋር አስተያዩ። አቅጣጫው ልክ ሆኖ ርቀቱ ሁለት እጥፍ ሊሆን ጥቂት ከቀረው ኪሎ ሜትርን እንደ ማይል አስገብታችኋል፤ 1.852 ነው ልዩነቱ። አቅጣጫውም ርቀቱም ተሳስቶ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ከተለጠጠ ኮሳይኑ ነው። ከላይ ሲታይ ልክ ሆኖ ከሩቅ በሃድ ሲታይ አጥሮ ወይም ረዝሞ ከወደቀ ከፍታው ነው። ሁሉም ነገር በአንድ አቅጣጫ እኩል ከሸሸ፣ ስቲርፖይንቶቹም ጭምር፣ ያልተሰረዘ የከርሰር እርማት አለ፤ ሲዚ።

ምልክቶቹ በበረራ መሃል ድንገት ከጠፉ ደግሞ ብዙ ጊዜ ስቲርፖይንቱ ሳታውቁ ወደሚቀጥለው ተሻግሯል።

መብራት በሚቋረጥበት ሰፈር ለምትበሩ አንድ የግድ ነገር አለ፦ በእጅ የገባው ቁጥር ተልእኮው እንደገና ሲጀመር አይገኝም። ቁጥሮቹን በወረቀት ካርድ ላይ ጻፉ፤ የስቲርፖይንቱ ቁጥር፣ «ከ… ወደ …»፣ አቅጣጫው ከነዓይነቱ፣ ርቀቱ ከነመለኪያው፣ ከፍታው፣ በታሰበው ፍጥነት የሚፈጀው ሰከንድ። ከጓደኛ ጋር ስትበሩ አንዱ ከካርዱ ያንብብ፣ ሌላው ካስገባ በኋላ ከዲኢዲው መልሶ ያንብብ፤ ከካርዱ ሳይሆን ከዲኢዲው። 48.0 የነበረው 4.8 ሆኖ የሚገኘው በዚህ ጊዜ ነው።